ዘሃራን የጠየቃት የለም

ዓፊያ የሐጂ ኑርሁሴንን እጅ ስታስታጥብ ዓይኗን ከውሃው ላይ አላነሳችም። ጣቶቻቸው ወፋፍራም ናቸው። በጥፍሮቻቸው ሥር የበግ ስብ ረግቶ ነጭ ሆኗል፤ ውሃው ሲወርድበት ይንሸራተታል እንጂ አይለቅም። ሐጂ እጃቸውን እያፋተጉ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ማሻአላህ፣ አደግሽ አይደል እንዴ! ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?»

«ዘጠነኛ።»

«በርቺ። ትምህርት ደግ ነው» አሉና እጃቸውን በፎጣው ጠራርገው ግሳት አወጡ። «አልሀምዱሊላህ።»

ግሳቱ ፊቷ ላይ መጣ። ዓፊያ ትንፋሿን ያዘች።

በጉን ያመጡት ራሳቸው ሐጂ ናቸው። ጠዋት በልጆቻቸው ጋሪ ተጭኖ መጥቶ ጓሮ ታረደ፤ ቆዳው አሁንም አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ዝንብ ወሮታል። ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ከሐጂ ጋር የመጡ ናቸው። አባቷ ጀይሉ ከመካከላቸው ተቀምጦ የጎኑን ሥጋ እየመረጠ ወደ ሐጂ ሳህን ያስጠጋል። ከእነሱ ጀርባ፣ ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ፣ ዘሃራ ተኝታለች። ወይም ተኝታለች ይባላል። ግድግዳው ስስ ነው፤ የሚሉትን ሁሉ ትሰማለች።

ዘሃራ የዓፊያ አጎት ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት እናቷ ጨፋ ሮቢት ቀርታ እሷን ለትምህርት ከሚሴ ላከቻት፤ አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት በረመዳን ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የዓፊያ እናት ፋጡሜ ማሽላ አስመዝነሽ ነይ ብላ ወደ ሐጂ እህል መጋዘን ላከቻት። ሐጂ አልነበሩም። ልጃቸው ሪድዋን ብቻውን ነበር። በሩን ከውስጥ ቆለፈና ደፈራት። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ባዶ ማዳበሪያዋን እንደያዘች ቤት ደረሰች። ለፋጡሜ በኦሮምኛ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነገረቻትና ጓዳ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያኔውኑ ጀይሉ ኮቱን ደርቦ ወጣ። ዓፊያ ፖሊስ ጋ የሚሄድ መስሏት ነበር። የሄደው ሐጂ ቤት ነው። ሲመለስም ያለው አንድ ነገር ነው። «ሽማግሌ ይገባል።»

ይኸው ገቡ።

«ወንድሜ ጀይሉ» አሉ ሐጂ ጉልበታቸው ላይ እየተደገፉ፤ «ልጁ ልጅ ነው፣ ሸይጣን አሳሳተው። እኛ ግን ትልልቅ ሰዎች ነን፤ ነገር እናበርዳለን። ኒካህ እናስርላታለን። የኔ ቤት ለሷ ያንሳታል? ነገ ጠዋት በመኪናዬ ጨፋ ሮቢት ወስደን እናቷ ፊት እንጨርሰዋለን። ነውሩም አብሮ ይሸፈናል።»

«ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ» አሉ የቀሩት።

ዓፊያ አባቷን አየችው። አንድ ነገር እንዲል ጠበቀች። ጀይሉ አጥንቱን ከአፉ አወጣ፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ፣ ጣቱን ላሰ።

«እናንተ ካላችሁ» አለ።

አፏ ውስጥ ቀጭን ምራቅ ሞላ። ማስታጠቢያውን እንደያዘች በፍጥነት ወጣች፤ ከማድቤቱ ጀርባ አጎንብሳ ትውከቱን ጠበቀች፣ ግን አልወጣላትም። ከአጥሩ የጥሬ ቆዳ ሽታ ይመጣል። የአባቷ ጣት ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ያ ጣት ልጅ ሆና ቁርኣን ሲያስቀራት ፊደል ለፊደል እያመለከተ የተከተለችው ጣት ነው።

እዚያው እንዳጎነበሰች ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ወር በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የፀረ ኤድስ ክበቡን ጽሑፍ ያነበበችው እሷ ነበረች። ተራ ደርሷት፣ እረፍት ሰዓት ላይ፣ በዚያ በሚጮኸው ድምፅ ማጉያ። «ተገዳ የተደፈረች ሴት ሦስት ቀን ሳያልፍ ጤና ተቋም ብትሄድ ቫይረሱ እንዳይዛት የሚረዳ መድኃኒት ታገኛለች። በፈጠነች ቁጥር ይሻላል። ሰውነቷንና ልብሷን ሳታጥብ ብትሄድ ጥሩ ነው፤ ብትታጠብም ከመሄድ አትቅር።» ወንዶቹ ሙድ ይዘውባት ነበር፤ አንዱማ ሳምንቱን ሙሉ ድምጿን እያስመሰለ ሲያስቃቸው ከረመ። እሷም ቶሎ ቶሎ አንብባ ለመገላገል እንጂ ምን እንዳነበበች ልብ አላለችውም ነበር።

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ዛሬ ቅዳሜ። ነገ ጠዋት በሐጂ መኪና ጨፋ ሮቢት።

ማስታጠቢያውን መሬት አስቀምጣ ጓዳ ገባች።

ዘሃራ እንደ ትናንቱ ነበረች። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ግድግዳውን ታያለች። ፋጡሜ ያሞቀችላት ውሃ በባልዲ እንደተቀመጠ ቀዝቅዟል። ቀሚሷ ጥግ ላይ በሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፏል፤ የሳሙናው አረፋ ጠፍቶ ውሃው ደፍርሷል። ዓፊያ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ልትቀመጥ ስትል ዘሃራ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«አትምጪ። እሸታለሁ።»

«አትሸቺም።»

«ሐሙስ ማታ ትራስሽን ይዘሽ ወዲያ ሄደሻል። አውቄያለሁ።»

ዓፊያ ፊቷ ጋለ። እውነት ነው። የዚያን ሌሊት ከዘሃራ ልብስ የማዳበሪያና የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ሲመጣ፣ ሽታው ወደ እሷም የሚጋባ መስሏት ትራሷን ይዛ ወደ በሩ ሸሽታ ነበር። ይቅርታ ልትል አሰበች፤ ቃሉ ግን አነሰባት። እዚያው ከጎኗ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ የዘሃራን ጀርባ ነካ። ዘሃራ አልሸሸችም።

ከግድግዳው ማዶ ሐጂ የሆነ ነገር ተናገሩና ሳቅ ተሰማ።

«ሰምተሻል?» አለች ዓፊያ በሹክሹክታ።

«ሁሉንም።»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

ዘሃራ ዞራ አየቻት። ዓይኖቿ ደርቀዋል፤ ከንፈሯም ተሰነጣጥቋል።

«እሱን ላገባ? እጁን ሳስበው ቆዳዬን ገፍፌ ብጥለው ደስ ይለኛል» አለች። «ሲጨርስ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ማዳበሪያዬን አነሳና እህሉን ልስፈርልሽ አለኝ።»

ዓፊያ የነገረቻት ሚኒ ሚዲያው ላይ ያነበበችውን ነው፤ አሁን ግን ቀስ ብላ፣ አንድ ቃል ሳትዘል። ዘሃራ ሰምታ ስትጨርስ ተነስታ ተቀመጠች።

«በሽታውን ከሐሙስ ጀምሮ ነው የማስበው» አለች። «የሚጠየቅ ሰው አጣሁ። መድኃኒት መኖሩን ማን ነገረኝ?»

«እንሂድ ታዲያ። አሁን።»

«በየት በኩል?»

«በጓሮ።»

ዘሃራ የዓፊያን ጥቁር ጅልባብ ለበሰች። ከፍራሹ ሥር ጠቅልላ የደበቀችውን የውስጥ ልብስ አወጣች፤ ፋጡሜ ያላገኘችው እሱን ብቻ ነው። ዓፊያ በፌስታል ከተተችው። እጇ ሲነካው ልትጥለው ቃጣት፤ ከዚያ ግን ቆሻሻው የዘሃራ እንዳልሆነ፣ የዚያ ሰው መሆኑን ለራሷ ነገረች፤ ፌስታሉንም በደንብ ቋጠረችው።

ጓሮ በሩ ፊት ፋጡሜ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሲወጡ ስታይ ቢላዋውን አስቀምጣ ተነሳች።

«ኤሳ ዴምቱ? ወዴት ነው?»

«ጤና ጣቢያ» አለች ዓፊያ።

«ቅዳሜ ቀን፣ ገበያው ሙሉ ሰው! አብደሻል?» እናቷ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት፤ ጥፍሮቿ ሥጋዋ ውስጥ ገቡ። «ሰው ያያታል። አባትሽ ይገድለኛል። ነገ ያልቃል እኮ፣ ነገ!»

«ነገ ነው ችግሩ፣ እማ። ካለፈ መድኃኒቱ አይሠራም።»

ፋጡሜ ዘሃራን አየቻት። ሐሙስ ወደዚያ መጋዘን የላከቻት እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ፊቷን በቀጥታ አይታት አታውቅም። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ከሳሎን የጀይሉ ድምፅ መጣ።

«ፋጡሜ! ጨው አምጪ!»

እጇ ላላ። ክንዷን ለቀቀችና ከማድቤቱ መደርደሪያ ጨው አንስታ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ወደ ሳሎን ገባች።

ሁለቱ ወጡ። የሐጂ መጋዘን ያለው በዋናው መንገድ ላይ ስለሆነ ውስጥ ለውስጥ ሄዱ። ዘሃራ እግሮቿን አራርቃ፣ ቀስ እያለች ነው የምትራመደው። አንድ ባጃጅ አጠገባቸው ቆሞ ሾፌሩ «ግቡ፣ ላድርሳችሁ» ሲል ክንፉን እንደተመታ ወፍ ወደ አጥሩ ተለጠፈች። ባጃጁ ከሄደ በኋላም እጇን ከአጥሩ ለማላቀቅ ጊዜ ወሰደባት።

ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። አንዲት ሴትዮ አንገቷን አስግጋ ሰማች።

«ለሴት ሐኪም ብቻ ነው የምንናገረው» አለች ዓፊያ።

«ለካርዱ መጻፍ አለብኝ እኮ። ምንሽን?» አሁን ድምፁን ከፍ አደረገ።

ዓፊያ ድሮ ቢሆን ይኼኔ ትመለስ ነበር። በአንድ እጇ መስኮቱን፣ በሌላው የዘሃራን እጅ ያዘች። «ድንገተኛ ብለህ ጻፍ። ሲስተር ጥራልን።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ከኋላዋ ያለችውን ዘሃራን፤ ከዚያ የሁለቱን እጅ። አንድ እጅ ሌላውን ክፉኛ ይዟል። ተነስቶ ሄደ። ሲመለስ አንዲት አጭር፣ ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት ከኋላው ነበረች። ሲስተር ዙቤይዳ ትባላለች። ምንም ሳትጠይቅ በሩን ከፈተችላቸው፤ ገብተው ሲቀመጡ መጋረጃውን ሳበች። ከዘሃራ ፊት ለፊት ዝቅ ያለ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ኤሳ ሲ ዱኩባ?» አለቻት። የት ጋ ያምሻል?

ዘሃራ ከሐሙስ ጀምሮ ያላለቀሰችውን አሁን አለቀሰች። በኦሮምኛ ተናገረች፤ አንዳንዴ እየቆመች፣ አንዳንዴ ቃሉ እየተደነቃቀፈባት። ሲስተር ዙቤይዳ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ አልገረማትም፣ አልጮኸችም፣ ጭንቅላቷንም አልነቀነቀችም።

«መምጣትሽ ጥሩ ነው» አለች። «ጊዜው አላለፈም። አሁን የማደርገውን ሁሉ አስቀድሜ እነግርሻለሁ። በቃ ስትዪኝ አቆማለሁ። ልጅቷ አብራሽ ትሁን ወይስ ትውጣ?»

«ትሁን» አለች ዘሃራ።

ዓፊያ እጇን ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሲስተሯ ሥራዋን እየሠራች ትናገር ነበር፤ ደም ወስደን እንመረምራለን፣ ቁስልሽን አያለሁ፣ አሁን ጓንት ላድርግ፣ አሁን ትንሽ ይቀዘቅዝሻል። ፌስታሉን ስትቀበላት ፈትታ ልብሱን ወደ ካኪ ወረቀት አዛወረችው። «በላስቲክ ይሻግታል፤ ወረቀት ነው የሚያቆየው» አለችና ላዩ ላይ ስም ጻፈችበት።

በመጨረሻ ኪኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። «ይሄ ቫይረሱ እንዳይዝሽ ነው። አንድ ወር ያህል በየቀኑ ትወስጃለሽ፤ አንድም ቀን አይዘለልም። ሊያቅለሸልሽ ይችላል፤ ቢሆንም አታቋርጪ፤ ወደ እኔ ነይ። ይሄኛው እርግዝና እንዳይፈጠር ነው። ይሄ ደግሞ ለሌሎቹ የአባለዘር በሽታዎች።»

«የሰጠሽኝን ሰው ቢጠይቅሽስ?»

«ማንም አይጠይቀኝም፤ ቢጠይቀኝም አልናገርም። አሥራ ስምንት ሞልቶሻል። ካንቺ ሌላ ፈቃድ የሚሰጥልሽ ሰው የለም።» ውሃ ቀዳችላት። «ፖሊስ ከፈለግሽ ሴት ፖሊስ እጠራልሻለሁ። ካልፈለግሽም ሕክምናሽ አይቀርም። ሁለቱ አይገናኙም። መልሱን አሁኑኑ መስጠት የለብሽም።»

ዘሃራ የመጀመሪያውን ኪኒን አፏ ውስጥ አድርጋ ዋጠችው። መራር ነበር፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ያም ሆኖ ብርጭቆውን እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ዓፊያ ዘሃራ ትንሽ እንድታርፍ ትታት ስትወጣ አባቷ ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ጥላ ሥር ቆሟል። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሏል፤ ጫማውን በችኮላ ያደረገ ይመስላል፤ ተረከዙ ውጪ ነው።

«እናትሽን ስጠይቃት አላየሁም አለችኝ» አለ። «ጓሮ በር ፊት ተቀምጣ አላየሁም! ሰው ነው የነገረኝ። ዘሃራን ጥሪያት፣ እንሂድ። ሰዎቹ ቤት ቁጭ ብለው ነው ያሉት።»

«መድኃኒት ጀምራለች።»

«መልካም፣ ትውሰድ፣ ማን ከለከላት? ግን ነገሩን አታክርሪው። እኔ ለሷው ብዬ ነው፣ ወላሂ። ነገ ማን ያገባታል? እናቷን ምን እላታለሁ?»

ሲናገር ጠጋ አላት፤ ከፎጣው የበግ ስብ ሽታ መጣ። ዓፊያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እንዲህ ከአባቷ ሸሽታ አታውቅም፤ እሱም አይቶታል።

«አባ፣ ሥጋውን እንዴት ዋጥከው?» አለች።

ስድብ አልነበረም። በእውነት ልታውቀው ፈልጋ ነው። የጀይሉ እጅ ሳያስበው ወደ ፎጣው ሄደና አፉን ጠረገ፤ ጠርጎም ፎጣውን ከትከሻው አወረደው፤ የሚጥልበት ቦታ ያጣ ይመስል እጁ ላይ ያዘው።

በሩ ተከፈተና ዘሃራ ወጣች። ሲስተር ዙቤይዳ ከኋላዋ ደፉ ላይ ቆመች።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አላት ጀይሉ ለስለስ ብሎ። «ነይ ልጄ፣ ቤት እንግባ።»

ዘሃራ ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አጎቴ፣ እነሱ እዚያ ተቀምጠው እኔ አልገባም። ዛሬም ነገም።» ከዚያ ወደ ሲስተሯ ዞረች። «ሴቷን ፖሊስ ጥሪልኝ።»

ጀይሉ የሚሄድ መስሎ ወደ በሩ ጥቂት ተራመደ። አልሄደም። ተመልሶ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀመጠ፤ ፎጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ማንም አላናገረውም።

ሳጅኗ የመጣችው ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ነው። ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በመለዮዋ ሥር ሸብ አድርጋለች። ከዘሃራ ጋር ብቻቸውን ረዥም ጊዜ ቆዩ። ሲጨርሱ ዓፊያን አስገባቻት፤ በሩን ግን አልዘጋችውም፤ ክፍሉ ውስጥ ሙቀቱ አያስቆምም ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ከዚያ ይታያል። በዚያ ላይ የተቀመጠ ሰውም የሚባለውን ሁሉ ይሰማል።

«አትፍሪ» አለች ሳጅኗ። «ዛሬ ቤታችሁ ኒካህ ይታሰር፣ ነገሩም ይሸፈን ተብሎ ሲመከር ሰምተሻል ብላኛለች። ያየሽውን፣ የሰማሽውን ትነግሪኛለሽ። ላለመናገርም መብትሽ ነው፤ ማንም አያስገድድሽም። ስምሽን ከነአባትሽ።»

«ዓፊያ ጀይሉ።»

«ቤት ውስጥ የነበሩትን ታውቂያቸዋለሽ?»

በክፍቱ በር በኩል አየች። አባቷ አንገቱን ደፍቷል። ደክሞት ከሥራ ሲመለስ እንደሚቀመጠው ነው የተቀመጠው፤ ለአፍታ ቡና አፍልታ ልትሰጠው ቃጣት። ዘሃራ ከጎኗ መድኃኒቷን እቅፏ ውስጥ ይዛ ተቀምጣለች፤ ተናገሪም አትናገሪም አላለቻትም።

«አውቃቸዋለሁ» አለች ዓፊያ።

«ከማን እንጀምር?»

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«ከቤታችን ባለቤት» አለች።